የፍሊንት እናቶች ጠርሙሶች
በአሜሪካ ሚሺገን ግዛት የምትገኘው የፍሊንት ከተማ ወጪ ለመቀነስ ብላ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ከዲትሮይት የምትገዛውን ውኃ ትታ የፍሊንትን ወንዝ መጠቀም ጀመረች። አዲሱ ውኃ ቧንቧ ይበላል፤ ዝገት የሚከላከለው ፎስፌት ግን አልተጨመረበትም። ስለዚህ ከአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ (የምንጽፍበት ሳይሆን ማዕድኑ) እየተፋቀ ወደየቤቱ ገባ። እርሳስ በውኃ ውስጥ አይታይም፣ አይሸትም፤ የሕፃናትን አእምሮ ግን ይጎዳል። በኦክቶበር ጄኔራል ሞተርስ ውኃው የሞተር ዕቃ ስላዛገበት ለፋብሪካው ሌላ ውኃ አስገባ። ሕዝቡ መጠጣቱን ቀጠለ።

እኔን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የሳበኝ የምርመራው አሠራር ነው። ነዋሪዎች ናሙና ከመቅዳታቸው በፊት ማታ ቧንቧውን ከፍተው ለደቂቃዎች እንዲያፈሱ ታዘዙ። ኦዲተር ሊመጣ ነውና መዝገባችሁን አስተካክሉ እንደማለት ነው! የተጠራቀመው እርሳስ ታጥቦ ይሄዳላ።

በ2015 መጀመሪያ ሊአን ዋልተርስ በምትባል እናት ቤት በሊትር 104 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘ፤ መንግሥት በወቅቱ እርምጃ የሚጠይቅበት መጠን 15 ነበር። እሷና ጎረቤቶቿ ከቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ቤት ለቤት ጠርሙስ አደሉ፤ በቧንቧው ውስጥ ያደረው ውኃ ሳይፈስ እንዲቀዳም አስረዱ። ከ250 በላይ ናሙና ተሰበሰበ። በኦክቶበር 2015 ከተማዋ ወደ ዲትሮይት ውኃ ተመለሰች። በ2021 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ካሳ 626 ሚሊዮን ዶላር ነው።