የታጠነ ሻይና የጠጪዎቹ ፍርድ

በዓለም ገበያ ላፕሳንግ ሱሾንግ በሚል ስም የታወቀው ጥቁር ሻይ ከሌሎች ሻዮች የሚለየው በጢሱ ነው። የፈላ ውኃ ሲፈስበት የሚነሣው ሽታ የሙጫ እንጨት ጢስ ሽታ በመሆኑ፣ ቀማሹ ገና አንድ ጊዜ ፉት እንዳለ ከሁለት ወገን ወደ አንዱ ይሰለፋል። አንደኛው ወገን በብርድ ሌሊት ከእሳት ዳር የሚገኝ መዓዛ ነው ብሎ ያወድሰዋል፤ ሁለተኛው ወገን ቅጥራን፣ የታጠነ ዓሣ ወይም የተቃጠለ ጎማ ነው ብሎ ሲኒውን ይገፋል። በመካከል የሚቆም ጥቂት ነው። የዚህ ክርክር ታሪክ ግን የምላስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከችግር የተወለደ የአሠራር ዘዴ እንዴት የምርት መለያ እንደሚሆን፣ ሩቅ አገር የሚኖር ጠጪም አይቶት የማያውቀውን ምድጃ እንዴት እንደሚያነድና እንደሚያጠፋ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

በወይራ ጢስ የታጠነ የወተት ቅል ወይም የጠላ ጋን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ጢስ መጠጥን ሊያጣፍጥ መቻሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እዚህ የሚታጠነው ዕቃው ሲሆን እዚያ የሚታጠነው ቅጠሉ ራሱ መሆኑ ነው።

የጢሱ መነሻ

የሻዩ የትውልድ ቦታ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ በዉዪ ተራሮች ውስጥ የምትገኘው የቶንግሙ መንደር ናት። የአገሬው ሰዎች ሻዩን ዠንግሻን ሺያኦዦንግ ይሉታል፤ ሱሾንግ የሚለው የገበያ ስምም የመጣው «ትንሽ ዓይነት» የሚል ትርጉም ካለው ሺያኦዦንግ ከሚለው ቃል ነው። በመንደሩ የሚነገረው ትውፊት የሻዩን አጀማመር ከ17ኛው መቶ ዓመት ሁከት ጋር ያያይዘዋል። በአካባቢው ያልፍ የነበረ ጦር በሻይ ማዘጋጃው ቤት ሰፍሮ ቆየ፤ ወታደሮቹ ሲሄዱ ቅጠሉ ጠቁሮ ተገኘ፤ ባለቤቶቹም ከነጭራሹ ከሚጠፋ ብለው በፓይን እንጨት እሳት ፈጥነው አደረቁትና ለውጭ አገር ነጋዴ ሸጡት፤ ነጋዴውም በተከታዩ ዓመት ያንኑ ፈልጎ ተመለሰ ይባላል።

ትውፊቱ ያማረ ቢሆንም፣ ይበልጥ የሚያሳምነው ምክንያት የሚገኘው በአየሩና በማገዶው ነው። ቶንግሙ ጉምና ዝናብ የማይለያት ተራራማ ቦታ ናት። ቅጠል በሚለቀምበት ወራት የፀሐይ ሙቀት ቅጠሉን ለማጠውለግ ስለማይበቃ እሳት ማንደድ ግድ ይሆናል። በእጅ ያለው ማገዶ ደግሞ ቅጠሉ መርፌ የሚመስለው፣ ሙጫ የሞላበት የፓይን ዛፍ ነበር። ስለዚህ ጢሱ በመጀመሪያ የተፈለገው ለጣዕም ሳይሆን አይቀሬ የሙቀት ተከታይ በመሆኑ ነው ማለት ይቻላል።

ለሥራው የሚያገለግለው የእንጨት ቤት ቺንግሎው ይባላል። ቤቱ ባለ ብዙ ፎቅ ሲሆን እሳቱ የሚነደው ከሥር ነው፤ ሙቀቱና ጢሱ በወለሉ ክፍተቶች እየሾለኩ ከፎቅ ወደ ፎቅ ይወጣሉ። ከእሳቱ የራቀው የላይኛው ክፍል ትኩሱን ቅጠል ለማጠውለግ፣ የታችኛው ክፍል ደግሞ የታሸውንና የጠቆረውን ቅጠል በቀርከሃ ወንፊት ላይ አስጥቶ ለማድረቅ ይውላል። በዚህ ዓይነት አንድ እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል። በሁለቱ መካከል ቅጠሉ ሲታሽ ሕዋሳቱ ይሰበሩና በውስጣቸው ያሉት ፖሊፌኖሎች በኤንዛይም አማካይነት ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳሉ፤ በተለምዶ «መብላላት» የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ እርጥበቱን ያልጨረሰው ቅጠል በጢሱ ውስጥ ሲደርቅ ዋናው ሽታ ይገባበታል። ከእንጨቱ ሊግኒን ጓያኮልና መሰሎቹ፣ ከሙጫው ደግሞ እንደ ሎንጂፎሊን ያሉ ተርፒኖች ይመነጫሉ። ጠጪው «ጢስ» በሚል አንድ ቃል የሚጠራው የእነዚህን ሁሉ ድምር ነው።

ከግዴታ ወደ ምርጫ

እንግሊዞች የዉዪን ተራሮች ስም በራሳቸው አነጋገር ለውጠው፣ ከዚያ የሚመጣውን ጥቁር ሻይ «ቦሂ» ይሉት ነበር። ከ1757 እስከ 1842 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በባሕር የሚመጣው አውሮፓዊ ነጋዴ ሻይ የሚገዛው በካንቶን ወደብ ብቻ ስለነበር፣ ቅጠሉ ከተራራው በሰው ሸክምና በጀልባ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ከዚያም ለወራት በመርከብ ሆድ ይሰነብት ነበር። በ1773 በቦስተን ወደብ ወደ ባሕር ከተጣሉት 340 የሻይ ሣጥኖች 240ው ቦሂ፣ 10ሩ ሱሾንግ ነበሩ። ያ ሁሉ ሻይ የታጠነ ነበር ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ቅጠሉ በእንጨትና በከሰል እሳት ላይ ይደርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የጢስ ሽታ ያለው ሻይ በገበያ መገኘቱ ማንንም አያስደንቅም።

ነገሩን የለወጠው የማድረቂያ መኪና ነው። በሕንድ የሻይ እርሻ ይሠራ የነበረው የቤልፋስት ተወላጅ ሳሙኤል ዴቪድሰን በሞቀ አየር ቅጠል የሚያደርቅ መሣሪያ ፈልስፎ፣ በ1881 በቤልፋስት «ሲሮኮ» የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመ። በዚህ መሣሪያ ጢሱ በራሱ መውጫ ይሄዳል፤ ቅጠሉ የሚያገኘው ንጹሕ ሙቀት ብቻ ነው። ሙቀትና ጢስ ከተለያዩበት ጊዜ ጀምሮ ሻይን ማጠን ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሕንድና የሲሎን ሻይ በብሪታንያ ገበያ የቻይናን ሻይ ሲበልጥ፣ የታጠነው ሻይ ሊቆይ የቻለው ጠጪዎቹ ስለፈለጉት ብቻ ነው።

የጠጪዎች ፍርድ

የሚነቅፉት ሰዎች ዋና ክስ ጢስ የቅጠልን ጉድለት ይሸፍናል የሚል ነው። ክሱ መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። በሻይ ንግድ ሱሾንግ የሚለው ቃል ከቡቃያው ራቅ ብሎ ለሚለቀም ትልቅና ሻካራ ቅጠል መጠሪያም ሆኗል፤ እንዲህ ያለው ቅጠል የራሱ ጣዕም ደካማ ስለሆነ ከባድ ጢስ ሲጫንበት አይቃወምም። የሚወዱት ሰዎች በበኩላቸው፣ በደንብ የተሠራው ከጢሱ በስተኋላ ሎንጋን የተባለውን የደረቀ ፍሬ የሚያስታውስ ጣፋጭነት አለው፤ ወተትም ስኳርም አይፈልግም ይላሉ። ስለ ወተቱ ግን ወዳጆቹም ቢሆኑ አይስማሙም።

ጉዳዩ በቅርብ ሲመረመር ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር አለመሆኑ ይታያል። በቶንግሙ የሚዘጋጀው ደህናው ሻይ ለዘብ ያለ ጢስ ያለው ሲሆን፣ ለውጭ ገበያ ተብሎ ከመንደሩ ውጭና በታይዋን ጭምር የተሠራው ግን እጅግ ጠንካራ ጢስ የተጫነበት ነው። ጢሱን የፈለገው የውጭው ገዢ ስለነበር፣ አምራቹ ገዢው የሚጠብቀውን ጨምሮ ሰጠው። ገዢውም በተራው ያንን እንደ ትክክለኛው መለኪያ አድርጎ ያዘው።

የጠጪ ሐሳብ ታሪክን ሳይቀር ይፈጥራል። ከ1727 የኪያኽታ ውል በኋላ ሻይ በግመል ወደ ሩሲያ ይጓዝ ነበር፤ «የሩሲያ ካራቫን» የሚባለው ቅልቅል ጢሱን ያገኘው ከነጋዴዎቹ የሰፈር እሳት ነው የሚለው ተረት እስከ ዛሬ ይነገራል። በቅልቅሉ ውስጥ ጢስ የሚገኘው ግን የታጠነ ሻይ ስለሚጨመርበት ነው።

የምድጃው ዕጣ

የዉዪ ተራሮች የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል በ1979 ተቋቋመ፤ በ1999ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በክልሉ ዛፍ መቁረጥ በመከልከሉ መንደሩ ለምድጃው የሚሆነውን ፓይን ከደጁ ማግኘቱ ቀረ። በ2005 ደግሞ በዚያችው በቶንግሙ ከቡቃያ ብቻ የሚዘጋጅ፣ ጢስ የሌለበት ጂን ጁን ሜይ የተባለ ጥቁር ሻይ ወጣና በቻይና ሀብታም ጠጪዎች ዘንድ ከታጠነው በብዙ እጥፍ ዋጋ አገኘ። በ2014 የአውሮፓ ኅብረት በሻይ ውስጥ ሊገኝ የሚፈቀደውን የአንትራኪኖን መጠን በኪሎ ግራም 0.02 ሚሊግራም ላይ ወሰነ። ይህ ውሁድ እንጨት ሲነድ ስለሚፈጠር፣ በጢስ የሚደርቅ ሻይ ከወሰኑ በታች መሆን ይቸግረዋል። በ2023 አንድ የታወቀ የብሪታንያ ሻይ ሻጭ ላፕሳንግ ሱሾንግን ትቶ በምትኩ ሌላ ጢስ ጢስ የሚል ቅልቅል ሲያቀርብ፣ ለብዙ ዓመት የጠጡት ደንበኞች ይህ ያ አይደለም ብለው አጉረመረሙ።

የደንበኞቹ ቅሬታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የሕጉም ሥጋት እንዲሁ። ምላስ አንትራኪኖንን ቀምሶ አያውቀውም፤ የላቦራቶሪ መለኪያም አንድ ሰው በዚያ ሽታ ለምን እንደሚረካ አይነግርም። በሁለቱ መካከል ያለው የባለሙያ ሥራ ነው፦ የማገዶውን ድርቀት፣ የእሳቱን ሙቀት፣ የቅጠሉን ከእሳት መራቅና በጢስ ውስጥ የሚቆይበትን ሰዓት ለክቶ መቆጣጠር። የቺንግሎው ሠራተኞች ይህንን ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር በዓይንና በአፍንጫ ሲያደርጉት ኖረዋል። ምድጃው ለጥቂት ዓመታት ቢጠፋ ሕንጻው ሊጠገን ይችላል፤ ጢሱ መቼ እንደበቃ የሚያውቀው አፍንጫ ግን ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የታጠነ ሻይ ጠጪዎች ክርክር፣ አንዱ ሌላውን ባያሳምንም እንኳ፣ መቀጠሉ መልካም ነው። የሚከራከርለት ሰው እስካለ ድረስ እሳቱን የሚያነድ አይጠፋም።