የጠፈር ፎቶ፦ ምስሎችን መደራረብ ብቻውን የማያስወግደው ጉድለት

የኦሪዮን ኔቡላ ከምድር 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ከከተማ ብርሃን ርቆ ለተመለከተው ሰው የደበዘዘ ነጥብ ነው። ተራ ዲጂታል ካሜራ ቀለሙንና ቅርጹን ሊያወጣው ይችላል፤ በአንድ ፎቶ ግን አይደለም።

በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ከኔቡላው ደካማ ብርሃን ጋር 'ኖይዝ' የሚባለው አሸዋ መሰል ነጠብጣብ ይሰፍራል። ነጠብጣቡ ከፎቶ ፎቶ ስለሚለያይ፣ በርካታ ምስሎች ተደራርበው አማካያቸው ሲወሰድ ይከስማል። ሆኖም ጥራቱን በእጥፍ ለማሳደግ የምስሎቹን ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። 16 ፎቶ ያነሳ ሰው ቀጣዩን ለውጥ የሚያየው በ64ኛው ነው።

የጀማሪዎች ምሬት የሚመነጨው ግን ከሌላ ቦታ ነው። የሴንሰሩ ትኩስ ፒክስሎች፣ የአቧራ ጥላና የሌንሱ የጥግ ጨለማ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ ከዋክብቱን ሲያገጣጥም ትኩስ ፒክስሎቹ ተጎትተው ሰንበር ይሆናሉ።

ለዚህ የሌንሱ ክዳን ተገጥሞ፣ በተመሳሳይ የመክፈቻ ጊዜና አይኤስኦ ጨለማ ፎቶዎች ይነሳሉ፤ ከዋናዎቹም ላይ ይቀነሳሉ። በማግስቱ በሞቀ ክፍል ውስጥ የተነሱት ብዙም አይረዱም፤ የሴንሰሩ ሙቀት ተቀይሯልና። ለአቧራውና ለጥግ ጨለማው ደግሞ የሌንሱ ትኩረት ሳይነካ፣ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮበት የንጋቱ ሰማይ ይነሳል። በየጥቂት ፎቶው የካሜራውን አቅጣጫ በጥቂት ፒክስሎች ማዛነፍም ሰንበሩን ይበትነዋል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ወጪ ግን የለውም።

በምሥራቅ አፍሪካ ኦሪዮን ወደ አናት ተጠግቶ ስለሚያልፍ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ቀጭን ነው። ችግሩ የከዋክብትን ጉዞ የሚከተለውን መሣሪያ ማስተካከል ላይ ነው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ሲሆን፣ ኮከቡ በአዲስ አበባ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል ተራራ በቀላሉ ይጋርደዋል፤ ከናይሮቢ ደግሞ አይታይም።

መሣሪያው ለሌለው አማራጩ በርካታ አጫጭር ፎቶዎችን ማንሳት ነው። ኦሪዮን ለሰማይ ወገብ ቅርብ በመሆኑ ከዋክብቱ በሴንሰሩ ላይ በፍጥነት ይጓዛሉ፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንኳ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መሰመር ይጀምራሉ።

ዲፕስካይስታከርና ሲሪል የተሰኙት ነፃ ፕሮግራሞች የሳተላይት መስመሮችን ለይተው ያስወግዳሉ። ለዚህ ግን በቂ ብዛት ያላቸው ምስሎች ያስፈልጓቸዋል፤ የደበዘዙትንም አስቀድሞ ማውጣት ይገባል። የኔቡላው እምብርት እጅግ ብሩህ ስለሆነ፣ በአጭር የመክፈቻ ጊዜ ለብቻው ተነስቶ በመጨረሻ ይቀላቀላል።