የሐርትሼክ በግና የጅዳ በር

«ግሎባላይዜሽን» የሚለው ቃል አዲስ አበባ ላይ ፋሽን የሆነበት ሰሞን ትዝ ይላችኋል? ስብሰባው፣ ወርክሾፑ፣ ጥናታዊ ጽሑፉ ሁሉ እሱ ነበር። «እንግባ ወይስ አንግባ?» እየተባባልን አዳራሽ ስናሞቅ፣ አገራችን በ1995 ዓ.ም. ለዓለም ንግድ ድርጅት የአባልነት ማመልከቻ አስገባች። ጅጅጋ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ለሚጠጡ ሽማግሌዎች ግን ጥያቄው ራሱ ያስቃል። እነሱ ከገቡ ቆይተዋላ! ያስገባቸውም ስብሰባ ሳይሆን በግ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። እንግሊዞች በ1831 ዓ.ም. ኤደንን ያዙ። ኤደን ድንጋይና አሸዋ ናት፤ ወታደሩ ደግሞ ሥጋ ይፈልጋል። ሥጋው ከየት መጣ? ከባሕሩ ማዶ፣ ከሶማሌ ጠረፍ። እንግሊዝ በ1870ዎቹ ከሶማሌ ጎሳዎች ጋር ውል እንድትዋዋል ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የኤደን ማድቤት ነበር። ተጓዡ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ ሲመለስ ያያት በርበራም በዓመት ጥቂት ወራት ጢም ብላ የምትሞላ፣ ከዚያ ጭር የምትል የገበያ ከተማ ነበረች። የደጋው ቡና፣ የቆላው በግና ቆዳ፣ ከሕንድ የመጣው ሩዝና ጨርቅ እዚያ ይገናኛሉ። ሲራራ ነጋዴው «አባን» ካልያዘ ንቅንቅ አይልም። አባን ማለት ዋሱም፣ ጠባቂውም፣ ደላላውም ነው።

ቀጥሎ ካርታ መጣ። በ1889 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ ድንበር ተዋዋሉ። ውሉ ግን በወዲህና በወዲያ ያሉ ጎሳዎች ድንበሩን ተሻግረው ከብት እንዲያሰማሩ ይፈቅድ ነበር። በጉ መሻገር ተፈቀደለት። በበጉ ዋጋ ተገዝቶ የሚመለሰው ስኳር ነው ኋላ «ኮንትሮባንድ» የሚል ስም የወጣለት።

በ1980 ዓ.ም. ሰሜን ሶማሊያ በጦርነት ስትታመስ፣ ስደተኛው ከጅጅጋ ደቡብ ምሥራቅ ሐርትሼክ ላይ ሰፈረ። ካምፑ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ይዞ የዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ እስከመባል ደረሰ፤ በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስም ሐርትሼክ የገበያ ስም ሆነ። ሰልባጁ፣ ቴፑ፣ ሩዙ በዚያ ይጎርፋል። እኛም የአዲስ አበባ ሰዎች «ከጅጅጋ የመጣ» እያልን ለብሰነዋል፤ አንካድ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በጉ በቶጎጫሌ አልፎ በርበራ ይወርዳል፣ በመርከብ ሳዑዲ ይሄዳል። በጉ ያመጣው ዶላር ሩዝና ስኳር ይገዛል። ሩዙ በመጣበት መንገድ አርብቶ አደሩ ደጅ ይደርሳል። በ1989 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ብቻ ከበርበራና ከቦሳሶ ወደቦች 3 ሚሊዮን የሚጠጋ በግና ፍየል ተጭኗል። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው የኛው ሶማሌ ክልል በግ ነበር።

ታዲያ በ1990 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ምን ሆነ? የሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ ሞቀ። በዚያ ሳቢያ ኬንያና ደቡብ ሶማሊያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ፤ ትንኝ ፈላ፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ተነሳ። ሳዑዲ በየካቲት በሯን ዘጋች፤ ሐጅ ሊደርስ ሲል፣ በግ ወርቅ በሚሆንበት ሰሞን! በዓመቱ ተከፈተ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፍሪካ ውጪ፣ እዚያው ሳዑዲና የመን ላይ ታየና በሩ ዳግም ጥርቅም አለ። ሳዑዲ ለበርበራ በግ የከፈተችው በኅዳር 2002 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመት!

በዚያ በዝግ ዘመን ጅጅጋ ሻይ ቤት ካገኘኋቸው ሽማግሌ አንዱን «አዴር፣ በጎችዎ ታመው ነበር እንዴ?» አልኳቸው። አዴር አጎቴ እንደማለት ነው።

«በጌን ያየው ሐኪም የለም፣ ልጄ» አሉኝ። «አልታመመም፣ አልዳነም። ዝም ብሎ ረከሰ።»

«እንግዲያው የዓለም ገበያ ይቅርባችሁ?»

«ይቅርማ አንልም። ሩዙን ማን ሊሰጠን? ግን ሲዘጋ ለምን እንደተዘጋ የሚነግረን፣ በጋችን ጤነኛ ነው ብሎ የሚመሰክርልን ሰው ይኑረን።»

እውነቱን ለመናገር የመንግሥትም ክርክር ባዶ አይደለም። ቀረጥ ያልከፈለ ልብስ ሲገባ የአቃቂው ሸማኔ ፋብሪካ ይከስራል፤ ትምህርት ቤትም በቀረጥ ነው የሚሠራው። ግን ሰውየው የጠየቁት ከቀረጥ ነፃ መሆንን አይደለም። የጠየቁት የእንስሳት ሐኪምና ማኅተም ነው። ኮንትሮባንድ ጠባቂ ኬላ ለማቆም የደረሰ ጉልበት የበግ ጤና መመርመሪያ ለማቆም ለምን ያንሰዋል? ጤናው የተመሰከረለት በግ በሕጋዊ መንገድ ቢሻገር እኮ ቀረጡም ይገኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተወርቷል። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንዲኖራት ከዱባዩ ዲፒ ወርልድና ከሶማሌላንድ ጋር ተስማማች። ግዴታዋን ሳታሟላ ቀርታ በ2014 ዓ.ም. ድርሻው እንደቀረ ተነገረ። ድርድሩ የመንግሥታትና የኩባንያ ነበር፤ ባለ በጉ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

የጥንቱ ነጋዴ አባን ሳይዝ አይነሳም ነበር። የዛሬው አርብቶ አደር ከኤደኑ ማድቤት የሚሰፋ ገበያ ውስጥ ያለ አባን ገብቷል። ሻይ ቤት ውስጥ የቢቢሲ ሶማልኛ ዜና ሲጀምር ወሬው ሁሉ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። የሩቅ አገር ወሬ ናፍቋቸው አይደለም፤ የገዛ በጋቸውን ዋጋ ሊሰሙ ነው።