የዐሥር ኪሎ ሜትር ጦርነት

በቤልጅየም ምዕራብ ፍላንደርስ፣ ከኢፕር ከተማ ወደ ፓሸንዴል መንደር የሚወስደው መንገድ ከዐሥር ኪሎ ሜትር ቢያልፍ በጥቂት ነው፤ ብስክሌት የያዘ ሰው ሳይቸኩል በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የብሪታንያ ጦር ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ ክፍሎች ጋር ሆኖ የዚህን መንገድ አብዛኛውን ክፍል ለመያዝ ከጁላይ 31 እስከ ኖቬምበር 10 ጀርመኖችን ተዋጋ። የሞተው፣ የቆሰለውና የጠፋው ሲደመር በእያንዳንዱ ወገን ከ200 ሺህ ሰው በላይ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ ዕረፍት የወጡ ሰዎች ቡድን ሠርተው ከአንዱ መካነ መቃብር ወደ ሌላው በብስክሌት ይዘዋወራሉ፤ ማታም ኢፕር ገብተው ቢራቸውን ይጠጣሉ። ይህ የሚጎረብጠው ሰው ጥቂት አይደለም። እኔ ግን ብስክሌቱ ነውር ሳይሆን ማስረጃ ማንበቢያ ነው እላለሁ። የዚያ ጦርነት ዋና ነገር በመሬቱ ማነስና በሙታኑ ብዛት መካከል ያለው አለመመጣጠን ነው፤ ይህን ደግሞ ከብስክሌት ኮርቻ የተሻለ የሚያሳይ መቀመጫ የለም።

በመቃብር ላይ መዝናናት ነውር ነው የሚለው ወቀሳ አንድ የማይጠቅሰው ነገር አለ፦ ሐዘንና ጉብኝት በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ተለያይተው አያውቁም። የጎማ አምራቹ ሚሽላን የጦር ሜዳ መምሪያ መጻሕፍቱን ማሳተም የጀመረው በ1917፣ መድፉ ገና ሳይበርድ ነው። ከተኩስ አቁሙ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1919 መጨረሻ፣ ለ ፕቲ ዡርናል የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ በጦር ሜዳዎች ዙሪያ የብስክሌት ውድድር አካሄደ። ውድድሩ ከስትራስቡርግ ተነስቶ በብራሰልስ፣ በአሚየንና በፓሪስ አልፎ ወደ ስትራስቡርግ የሚመለስ፣ ሰባት ምዕራፍ ያለውና 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነበር። ከብራሰልስ እስከ አሚየን መንገዱ በመድፍ የታረሰ፣ አየሩም እጅግ የከፋ ስለነበር፣ አሸናፊው ቤልጅየማዊ ሻርል ደሩይተር ያንን አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ ከ18 ሰዓት በላይ ፈጀበት። ጋዜጣው ገበያ ይፈልግ እንደነበር አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ውድድሩን ሙታንን መድፈር ነው ብሎ መዝጋት ይከብዳል፤ የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊዎቹ ፋቤር፣ ላፒዝና ፕቲ ብረቶን ሦስቱም በጦርነቱ ዓመታት በውትድርና ላይ ሳሉ ሞተዋል፤ የብስክሌት ሙያ ራሱ ሐዘንተኛ ነበር። በ1928 የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የሆነው የብሪታንያ ሌጂዮን 11,000 ያህል የቀድሞ ወታደሮችንና የሟች ቤተሰቦችን ወደ እነዚሁ ስፍራዎች ሲወስድም፣ ተጓዦቹ በባቡር ተሳፍረዋል፣ በልተዋል፣ ጠጥተዋል። እዝን እየተበላ ሐዘንተኛ በሚጽናናበት አገር ያደገ አንባቢ ለቅሶና ማዕድ አብረው መቀመጣቸው ሊገርመው አይገባም።

ወደ መሬቱ እንመለስ። ፓሸንዴል የተቀመጠበት ሸንተረር፣ ደገኛ ኢትዮጵያዊ ቢያየው ሸንተረር ብሎ የሚጠራው አይመስለኝም፤ ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ ወደ 60 ሜትር ቢጠጋ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ዳገት መኖሩን ሳያውቅ ያልፈዋል። ብስክሌት ነጂ ግን ማርሹን ሲቀንስ፣ ጭኑ ሲከብደው ይታወቀዋል፤ ሸንተረሩ ላይ ወጥቶ ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ የኢፕር ማማዎች ወለል ብለው ይታዩታል። ጀርመኖች ከዚህ ከፍታ ሆነው ከተማዋን በሦስት ወገን ከበው፣ ከታች የሚንቀሳቀሰውን ጋሪና ሰልፍ ሁሉ እያዩ ይመቱ ነበር። ለዚህች ዳገት ይህ ሁሉ ደም ለምን ፈሰሰ ለሚለው ጥያቄ ከካርታ ይልቅ እግር ቶሎ ይመልሳል። መሬቱ ሸክላማ ነው፤ ገበሬዎች ለዘመናት የቆፈሯቸውን የውሃ ማፋሰሻ ቦዮች መድፍ ደረመሳቸው፤ በኦገስት ከባድ ዝናብ ሲጨመርበት ሜዳው ሰውና በቅሎ የሚውጥ ጭቃ ሆነ።

የመቃብሮቹ አቀማመጥም በዝግታ ለሚጓዝ ሰው ብዙ ይናገራል። ከፖፐሪንገ ከተማ አጠገብ ያለው ሊሰንቱክ ከግንባሩ ራቅ ብሎ የነበረ የሕክምና ጣቢያ መቃብር ነው፤ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ተቀብሮበታል፤ ስሙ የማይታወቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ እዚያ የደረሰ ቁስለኛ ማንነቱ ተመዝግቦ ነበርና። በኢፕር ቦይ ዳር ያለው ኤሴክስ ፋርም ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ ይሰጥበት የነበረ ቦታ ነው። ሸንተረሩ ላይ ወዳለው ታይን ኮት ሲደረስ ግን፣ 12 ሺህ ገደማ ከሚሆኑት መቃብሮች ከ8,300 በላይ የሚሆኑት ስም የላቸውም። ማለዳ ከፖፐሪንገ ተነስቶ ከሰዓት ታይን ኮት የሚደርስ ቡድን ቃሬዛ የተጓዘበትን መንገድ ወደ ኋላ ይከተላል፤ ወደ ግንባሩ በቀረበ ቁጥር ስም እየጠፋ እንደሚሄድ በዓይኑ ያያል።

እዚህ ላይ ከመጀመሪያው የጠነከረ ተቃውሞ ይነሳል፦ የሚታየው ጦርነቱ ሳይሆን የተከረከመ ሣርና ጽጌረዳ ነው፤ ውበቱ ይዋሻል። ግማሹ እውነት ነው። ታይን ኮት በጦርነቱ ዘመን ጥቂት መቶ መቃብሮች ብቻ ነበሩት፤ ሌሎቹ ከተኩስ አቁሙ በኋላ ከየሜዳው ተለቅመው የመጡ ናቸው። በኢፕር መሐል የቆመው የመካከለኛው ዘመን የጨርቅ ገበያ አዳራሽም ፈርሶ እንደገና ተሠርቶ ያለቀው በ1967 ነው። ስለዚህ ተጓዡ የሚያየው በሕይወት የተረፉት የወሰኑትን ነው፤ ውሳኔውም ያለ ጠብ አልመጣም። በ1917 የተቋቋመውና ፋቢያን ዌር የመራው የመቃብር ኮሚሽን አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ፣ ጄኔራልና ተራ ወታደርም አንድ ዓይነት ድንጋይ እንዲቆምላቸው ደነገገ። ከ8,000 በላይ ሰዎች በመቃብሩ ላይ መስቀል እንዲቆም ፈርመው ጠየቁ፤ ነገሩ በሜይ 1920 በብሪታንያ ፓርላማ ክርክር ተደርጎበት የኮሚሽኑ ሐሳብ ጸና። በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት የሚገኘው የጀርመኖች መቃብር ላንገማርክ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ከ44 ሺህ በላይ ሰው በያዘው በዚያ ጠባብ ቦታ፣ በኦክ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ወደ 25 ሺህ የሚሆኑት በአንድ ጉድጓድ አሉ። ውበቱ የሚያሳስተው አንዱን ብቻ አይቶ የሚመለሰውን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው አሸናፊና ተሸናፊ ሙታኑን እንዴት እንዳስቀመጠ ያነጻጽራል።

ብስክሌት ሊያሳይ የማይችለው ነገር ግን አለ፤ ይህን ሳልቀበል ባልፍ ሙግቴ ይጎድላል። በኢፕር ባለው መታሰቢያ፣ በሜኒን በር ላይ ከተቀረጹት ከ54 ሺህ በላይ ስሞች መካከል የሕንድ ወታደሮችም ስላሉ፣ የእኩልነቱ ሕግ ለሁሉም የሠራ ይመስላል። ኮሚሽኑ በ2021 ባወጣው የራሱ ምርመራ እንዳመነው ግን፣ ቢያንስ 116 ሺህ የሚሆኑ ሟቾች፣ አብዛኞቹ ምሥራቅ አፍሪካውያንና ግብፃውያን፣ በስማቸው አልታሰቡም፤ ምናልባትም ጨርሶ አልታሰቡም። በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ጓዝ ተሸክመው በበሽታና በረሃብ ያለቁት ተሸካሚዎች ናይሮቢ ላይ የነሐስ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ሐውልቱ ላይ ግን የአንዳቸውም ስም የለም። ኮሚሽኑ ይቅርታ ጠይቋል፤ ስም ፍለጋም ጀምሯል። የፍላንደርስ ቡድን መሪ ታይን ኮት ግድግዳ ሥር ቆሞ ስለ አንድ ዓይነት ድንጋይ ሲያስረዳ ናይሮቢን ካልጠቀሰ፣ ለተጓዦቹ የሰጠው ሒሳብ ጎዶሎ ነው።