መዳፍና ሞላ፦ የትንሿ ሽጉጥ አስተማማኝነት ታሪክ

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የተገኘ በመሆኑ፣ አማርኛ ይህን አጭር መሣሪያ የሰየመው በአተኳኮሱ ሳይሆን በወገብ ወይም በኪስ ተሸጉጦ በመያዙ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ለመሸጎጥ የሚያመቹት ማነስና መቅለል ሳይደናቀፉ ለመተኮስ የሚያመቹ ባሕርያት አይደሉም። ስለዚህ የትንሿ ሽጉጥ ታሪክ በአንድ በኩል የብረት ሥራ ታሪክ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ከብረቱ የተቀነሰው ክብደት ተግባሩን ለተኳሹ መዳፍና የእጅ አንጓ እንዴት እንዳወረሰ የሚያሳይ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ታሪክ መነሻ የሚሆነው በቤልጅግ፣ በሊዬዥ ከተማ አጠገብ በሄርስታል የሚገኘውና በ1889 የተቋቋመው ኤፍ ኤን የተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ የተወለደው ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ለዚህ ፋብሪካ የነደፈው የ1900 ሞዴል 7.65 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ሲሆን፣ አፈሙዙን ከላይ የሚሸፍንና በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለስ ተንሸራታች አካል ነበረው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወረወር በአንጻሩ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል፣ ማለትም ርግጫው፣ ይህን ተንሸራታች ሲገፋው ባዶው ቀለሃ ተስቦ ይወጣል፤ ሞላው ደግሞ ተንሸራታቹን ወደ ቦታው ሲመልሰው ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ባለ ተሽከርካሪ የጥይት ማኅደሩ ሪቮልቨር የሚቀጥለውን ጥይት የሚያቀርበው በጣት ጉልበት በመሆኑ የርግጫው ኃይል ለአሠራሩ አያስፈልገውም፤ አዲሱ ሽጉጥ ግን የሚሠራው በርግጫው ነውና፣ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ሲሄድ የታችኛው አካል ባለበት እንዲጸና ግድ ሆነ። ያን አካል የሚያጸናው ደግሞ ከራሱ ክብደት ሌላ የተኳሹ እጅ ብቻ ነው።

ብራውኒንግ የእጅን ድርሻ ጠንቅቆ እንደተረዳ የሚያሳየው በ1906 የወጣችው 6.35 ሚሊ ሜትር የኪስ ሽጉጡ ናት። ርዝመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ በሆነችው በዚህች መሣሪያ እጀታ ጀርባ ላይ በመዳፍ ካልተጨመቀ በቀር ተኩስ የማይፈቅድ መጠበቂያ ተገጥሞ ስለነበር፣ በአግባቡ መጨበጥ የመሣሪያዋ አሠራር አንድ አካል ሆነ። በ1910ሩ ሞዴል ደግሞ ሞላውን በአፈሙዙ ዙሪያ በመጠቅለል ሽጉጡን ይበልጥ አቀጠነው። በእነዚህ ትናንሽ ሞዴሎች ጥይቱ ደካማ ስለነበር አፈሙዝና ተንሸራታች እርስ በርስ መቆለፍ አላስፈለጋቸውም፤ የተንሸራታቹ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ይበቃቸው ነበር።

ጥይቱ ሲከብድ ግን ነገሩ ተለወጠ። የአሜሪካ ጦር በ1911 የተቀበለው የብራውኒንግ ኮልት ሽጉጥ አፈሙዙና ተንሸራታቹ በተኩሱ ቅጽበት ተቆላልፈው ጥቂት አብረው ከተጓዙ በኋላ፣ አፈሙዙ ወደ ታች ዘንበል ብሎ የሚላቀቅበት ሥርዓት ነበረው። ከመመረጡ በፊት በተደረገው ፈተና 6000 ጥይት ያለ አንዳች መደናቀፍ ሲተኩስ፣ የተወዳደረው የሳቬጅ ሽጉጥ ግን 37 ጊዜ ተደናቅፏል። ይህን ውጤት ያስገኘው ሽጉጥ ክብደቱ 1.1 ኪሎ ግራም፣ አፈሙዙም 127 ሚሊ ሜትር እንደነበር መዘንጋት አይገባም። የኮልት ፋብሪካ በኋላ ኮማንደር በተባለው ሞዴሉ አካሉን በአሉሚኒየም ሠርቶ አፈሙዙን ወደ 108፣ በ1985 ባወጣው የኦፊሰርስ ሞዴል ደግሞ ወደ 89 ሚሊ ሜትር ሲያሳጥረው፣ ያው ጥይት ቀለል ያለውን ተንሸራታች በበለጠ ፍጥነት ወረወረው። ፍጥነቱን ለመግታት ሞላው ጠነከረ፣ የተንሸራታቹ ጉዞ አጠረ፣ የካዝናውም ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ለማድረስ ያለው ጊዜ ጠበበ። በትልቁ ሽጉጥ ትንሽ ጉድለትን ይሸፍን የነበረው ትርፍ ጉዞ በትንሹ ሽጉጥ ሊጠፋ ተቃረበ።

የአጨባበጥ ጥበብም በዚሁ ዘመን የራሱን መንገድ ተጉዟል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሽጉጥ የአንድ እጅ መሣሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ በሻንጋይ ፖሊስ ውስጥ ያገለገሉት ዊልያም ፌርቤርንና ኤሪክ ሳይክስም በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ በድንገተኛ አደጋ ጊዜ እጅ በኃይል እንደሚጨብጥ ተቀብለው ሥልጠናቸውን በዚያ ላይ መሥርተዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የሎስ አንጀለስ አውራጃ ሸሪፍ ባልደረባ የነበረው ጃክ ዊቨር፣ በካሊፎርኒያ በቢግ ቤር ሐይቅ አጠገብ በተደረጉ ውድድሮች አንዱ እጅ ወደ ፊት እየገፋ ሌላው ወደ ኋላ እየሳበ ሽጉጡን በሁለት እጅ አጽንቶ በመያዝ በማሸነፉ፣ የተኩስ አስተማሪው ጄፍ ኩፐር አያያዙን በትምህርት መልክ አስፋፋው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የውድድር ተኳሾቹ ሮብ ሌተምና ብራያን ኢኖስ ሁለቱን ክንዶች እኩል ዘርግተው፣ አውራ ጣቶችን ወደ ፊት አድርገው መያዝን አስለመዱ። እነዚህ ለውጦች የተደረጉት ለዒላማ ትክክለኛነትና ለፍጥነት ቢሆንም፣ ሽጉጡ የሚደገፍበትን መሠረትም አጽንተዋል።

የሁለቱ መንገዶች መገናኛ የፕላስቲክ አካል ዘመን ነው። በኦስትሪያ ጋስተን ግሎክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካሉን ከጠንካራ ፕላስቲክ የሠራው ሽጉጥ በ1988 አጠር ባለ መጠን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በጣም ባነሰ መጠን ወጣ። የ1994ቱ የአሜሪካ ሕግ አዲስ ካዝናዎችን በ10 ጥይት በመወሰኑና ብዙ ግዛቶች ሰው መሣሪያ ደብቆ እንዲይዝ በመፍቀዳቸው የትንንሽ ሽጉጦች ገበያ ሰፋ፤ በ2008 የወጣው የሩገር ፋብሪካ ኤል ሲ ፒ የተባለ ሽጉጥ ያለ ጥይት ከ300 ግራም በታች ይመዝን ነበር። ተኳሹ የእጁን አንጓ ካላላ እንዲህ ያለ ቀላል አካል ከተንሸራታቹ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ስለሚቀንስም ተንሸራታቹ ጉዞውን ሳይጨርስ ይመለሳል፣ ቀለሃው በመውጫው ይቀረቀራል፣ አለዚያም ቀጣዩ ጥይት ሳይጎርስ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ ለሚቀረቀር ትንሽ ሽጉጥ ጥፋቱን በተኳሹ እጅ ላይ ብቻ መጫን ሚዛን የጎደለው ፍርድ ነው። አንጓ ማላላት እውነተኛ ምክንያት ቢሆንም፣ ያንን ምክንያት አደገኛ ያደረገው የክብደቱና የትርፍ ጉዞው መቀነስ የንድፍ ምርጫ ነው፤ አንጓው የሚላላውም ብዙ ጊዜ በፍርሃት፣ በቁስል ወይም በእርጅና የደከመ ሰው ስለሆነ፣ መሣሪያው በጸና እጅ ብቻ ተፈትኖ አስተማማኝ ሊባል አይገባውም። ብራውኒንግ በ1906 መዳፉን ከመሣሪያዋ አሠራር ጋር ባስተሳሰረ ጊዜ ሊታሰብ የሚገባው ቁም ነገር አብሮ ተጽፏል፤ እጅ የሽጉጥ አንድ ክፍል ከሆነ፣ የሽጉጡ ፈተናም የደከመውን እጅ ማካተት አለበት።