ምስክርና ሙያ

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት፣ አንዳንዶቹም መጥተው ለእኔ ያቀረቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ሰው ኑሮው ይቃናለት ዘንድ የኮሌጅ ዲግሪ የግድ ያስፈልገዋልን?» የሚል ነው። ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በየዓመቱ ከመቶ አራት እንኳ አይሞሉም ነበር። የቀሩት ወደየቤታቸው ሲመለሱ ወላጆቻቸው ምን እንደ ጠየቋቸው፣ እነርሱም ምን ብለው እንደ መለሱ መገመት አያዳግትም። በሌላው ወገን ደግሞ ዲግሪውን ተቀብሎ፣ ዘመድ አዝማድ እልል ብሎለት፣ ከዚያ በኋላ ሥራ አጥቶ በወላጆቹ ቤት የተቀመጠ ወጣት አለ። አንዱ «ዲግሪ የሌለው ሰው የሞተ ነው» ሲል፣ ሌላው «ዲግሪ ከንቱ ወረቀት ነው» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከቁስላቸው ነውና አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ነገሩን ረጋ ብለን እንመርምረው።

እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ሩቅ አገር አልሄድም። ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ በቂ ትምህርት ይሰጡናል።

አስቀድመን የአባቶቻችንን ትምህርት ቤት እንመልከት። በጋይንት ምድር ቤተ ልሔም የምትባል ደብር አለች። በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ የድጓ ምስክር ናት። ድጓን በሌላ ስፍራ የተማረ ሁሉ ዜማው የቀና መሆኑ የሚረጋገጥለት ወደዚያ ሄዶ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ሲያስመሰክር ነው። እንደዚሁም ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ናት። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ብዙ ዓመት ደክሞ የሚያገኘው ነገር ይህ ምስክርነት ነው። እንግዲህ «ዲግሪ ከፈረንጅ አገር የመጣ ልማድ ነው፤ አባቶቻችን አያውቁትም ነበር» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ስሙ ተለየ እንጂ ነገሩ ነበረ። አባቶቻችን «ምስክር» ያሉት፣ እኛ ዛሬ ዲግሪ ከምንለው ጋር ወንድማማች ነው።

ነገር ግን ቃሉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ምስክር ማለት ያየውንና የሰማውን የሚናገር ማለት ነው። ምስክር ያልነበረውን ነገር አይፈጥርም። የቤተ ልሔም መምህር «ይህ ልጅ ድጓ ያውቃል» ቢሉ፣ ልጁ በማኅሌት ቆሞ ዜማው ቢጠፋበት፣ የመምህሩ ቃል አያድነውም፤ እንዲያውም መምህሩን ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ምስክር ከሙያ በኋላ የሚመጣ እንጂ ሙያን የሚተካ አይደለም።

ከሙያ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይወለዳል። በፎገራ የተወለዱትን አለቃ ገብረ ሃናን የማያውቅ የለም። አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ሊቃውንቱ ግን የሚያስቧቸው በአቋቋም ሊቅነታቸው ነው። ዛሬ በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም የሚባለው፣ ደብረ ታቦርም የምትታወቅበት ሥርዐት የእርሳቸው ፍሬ መሆኑ ይነገራል። ለዚህ አዲስ ስልት ማንም አስቀድሞ ምስክርነት ሊሰጣቸው አይችልም ነበር፤ ከእርሳቸው በፊት አልነበረምና። ሆኖም አዲሱን ያወጡት አሮጌውን ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ እንደ ሆነ እናስተውል። ያልተማረ ሰው ከሥርዐት ሲወጣ ስሕተት ይባላል፤ የተማረ ሰው ሲወጣ ግን አንዳንድ ጊዜ ስልት ይባላል።

አሁን ወደ ጋፋት እንውጣ። ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ የምትገኝ ስፍራ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ. ም. ከነገሡ በኋላ የአውሮፓ የእጅ ሠራተኞችን ያሰፈሩት በዚያ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ፣ እንደ ዋልድማየርና እንደ ዛልሙለር ያሉት፣ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። ያ ትምህርት ቤት በእጃቸው ሠርተው እየበሉ ወንጌል የሚያስተምሩ ሰዎችን ያሰለጥን ነበር እንጂ መድፍ መሥራት አያስተምርም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜ ሠራተኞቹ ይህ ሙያቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ንጉሡ ግን ይህን መልስ አልተቀበሉትም። ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻም በ1859 ዓ. ም. ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ታላቅ መድፍ አቀለጡ።

ይህን ታሪክ «ዲግሪ አያስፈልግም» የሚሉ ሰዎች ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል። እውነትም የሚያስደንቅ ነገር ነው። የመድፍ መሥራት ምስክር ያልነበራቸው ሰዎች፣ የመድፍ ፋብሪካ ባልነበረበት ተራራ ላይ፣ በሙከራና በትዕግሥት መድፍ አወጡ። ንጉሡም ቢሆኑ በልጅነታቸው በገዳም ፊደልና ዳዊት ከመማር በቀር ሌላ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ነገር ግን መንገድ ሲሠራ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ለሠራዊቱ ምሳሌ ሆነዋል። በዚያ ዘመን በአገራችን ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ እንደ ቡዳ ይቆጠር ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም፣ ከባለሙያ ጋር ቆሞ ስለ ምድጃ ሲነጋገር ማየት ለዚያ ዘመን ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ. ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያልቅም፤ እስከ መጨረሻው እናንብበው። በ1860 ዓ. ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ያን ከባድ መድፍ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ገደል እየወረዱ፣ ተራራ እየወጡ፣ መንገድ እየጠረጉ ጎተቱት። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። በዚያው ወራት የእንግሊዝ ጦር ከባሕር ወጣ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ናፒየር በወጣትነቱ በመሐንዲስነት ተምሮ ያደገ ሰው ነበር። መሐንዲሶቹ በዙላ የመርከብ መውረጃ ሠሩ፤ የባቡር ሐዲድም ዘረጉ። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ሴባስቶፖል አላዳናቸውም። የጋፋት ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ምድጃውም ቀዘቀዘ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ድፍረትና የእጅ ጥበብ ትልቅ ነገር ሊያደርጉ እንደሚችሉ እንማራለን። ነገር ግን በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የተቀመጠ ዕውቀት ሰዎቹ ሲሄዱ አብሮ እንደሚሄድ ደግሞ እንማራለን። የእንግሊዝ መሐንዲስ ቢሞት ሌላ መሐንዲስ ይተካው ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ከኋላው ቆሟልና። የጋፋት ምድጃ ግን ከኋላው የቆመለት አልነበረም። የእኛ ሰዎች በአእምሮ አላነሱም፤ ያነሳቸው ዕውቀትን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያቀብል ትምህርት ቤት ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ. ም. ነው። ይህም ከመቅደላ 83 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በጋፋት አጠገብ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለመቋቋም ደግሞ ከመቅደላ ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

ስለ አንድ ሌላ ሰው ልንገራችሁ። ሴባስቶፖል በቀለጠበት በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ማይክል ፋራዳይ የሚባል ሊቅ ዐረፈ። የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ ሙያ ተማረ። የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ፣ የሊቃውንትን ንግግር እየሰማና እየጻፈ ራሱን አስተማረ። የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ የሚሠራበትን ምስጢር የገለጠው ይህ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው ነው። ነገር ግን ሒሳብ አልተማረም ነበርና ሐሳቡን በሒሳብ ቋንቋ ያስቀመጠለት በዩኒቨርሲቲ የተማረው ማክስዌል ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሥራው ምሉዕ ባልሆነም ነበር። ፋራዳይ ዲግሪ አልነበረውም፤ ትምህርት ግን ነበረው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ የሚያደርግ ሰው ብዙ ይሳሳታል።

አሁን ደግሞ ወደ መቅደላ እንመለስ። አምባው በተያዘ ጊዜ ከወላጆቹ የተለየ አንድ የጎንደር ሕፃን ነበረ። የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ አገር ወሰደው፤ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም ተሰጠው። በላሆር በሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ ኋላም በስኮትላንድ ተጨማሪ ትምህርት ተማረ። እኒህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ አያታቸው በአካላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንዳወቋቸው ይነገራል። በዘመናዊ ሕክምና የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ፤ በኋላም ጨርጨርን ገዙ፤ ጣልያን አገራችንን በወረረበት ወራት በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ።

አንድ በሽተኛ በእኒህ ሰው ፊት ቀርቦ ልብሱን ሲያወልቅ፣ «ይህ ሰው ለመሆኑ ተምሯልን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በሙከራ መድፍ ማቅለጥ ይቻል ይሆናል፤ መድፉ ቢሰነጠቅ ብረቱ እንደ ገና ይቀልጣልና። በሰው ሆድ ላይ ግን እንደዚህ ያለ ሙከራ አይደረግም። ስለዚህ የሌላው ሰው ሕይወት በእጃቸው የሚወድቅ ሰዎች፣ ሐኪምም ቢሆን፣ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስም ቢሆን፣ ያለ ምስክር ወደ ሥራው ሊገቡ አይገባም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ እኔ የደረስሁበት ፍርድ ይህ ነው። «ዲግሪ የግድ ያስፈልጋልን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሲቆም መልስ የለውም፤ «ለምን ሥራ?» የሚል ጥያቄ ሊቀድመው ይገባል። ለአንዳንዱ ሥራ የግድ ነው፤ ያለ እርሱ መሥራት ወንጀል ነው። ለአንዳንዱ ሥራ በር ይከፍታል፤ ከበሩ በኋላ ግን በእግርህ የምትሄደው አንተ ነህ። ለአንዳንዱም ሥራ አያስፈልግም፤ ጥሩ መምህርና ብዙ ትዕግሥት ይበቃል። ያለ ትምህርት የሚሠራ ሥራ ግን እኔ አላውቅም። ገበሬው እንኳ ወቅቱን የሚያውቀው ከአባቱ ተምሮ ነው።

ፈተናው ያልሆነልህ ወንድሜ፣ ያልሆነልሽ እኅቴ፤ «ቴዎድሮስ ኮሌጅ አልገቡም» ብላችሁ አትጽናኑ። እርሳቸው ባለመማራቸው አልተደሰቱም፤ በጋፋት ያደረጉት ሁሉ የዕውቀት ረኀብ ነበር። ይልቅስ መምህር ፈልጉ። የእንጨት ሥራ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የልብስ ስፌት፣ የንብ እርባታ ሙያ ነው፤ ሙያም መምህር አለው። ቀጥቃጭን የናቀው ያ የድሮ ዘመን ንቀት በልባችሁ ውስጥ ተደብቆ እንደ ሆነ መርምራችሁ አውጡት። ፈተናውን ደግማችሁ ለመፈተን ብትችሉም ድገሙ፤ የጋፋት ሰዎች ሁለተኛውን ሙከራ ባይሞክሩ ኖሮ የሚነገርላቸው ታሪክ አይኖርም ነበር።

ዲግሪ የያዝኸው ወንድሜ፣ የያዝሽው እኅቴ ደግሞ፤ ምስክርነታችሁ እውነት ይሁን። ያ ወረቀት «ይህ ሰው ያውቃል» ብሎ ስለ እናንተ መስክሯል። ታውቁ እንደ ሆነ ሥራችሁ ያጸናዋል። የማታውቁ እንደ ሆነ ግን በሐሰት እንዲመሰክር አድርጋችሁታልና፣ ዛሬውኑ መጽሐፉን ገልጣችሁ የቀረውን ተማሩ።

ወላጆችም ቢሆኑ ልጃቸው ከፈተና ሲመለስ በመጀመሪያ «ስንት አመጣህ?» ከማለት ይልቅ «ምን ትማራለህ?» ቢሉት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ሁለተኛው ግን ዕድሜ ልክ የሚመለስ ጥያቄ ነው።