ዝናብን የሰፈረው ዕቃ

ዝናብ ጣለ ሲባል ገበሬ አስቀድሞ የሚጠይቀው መሬቱ ምን ያህል እንደ ጠጣ ነው። በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት በኮሪያ የጆሰን መንግሥት ሹማምንት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያገኙት አፈር በመቆፈር ነበር። ዝናቡ ባባራ ቁጥር እርጥበቱ የደረሰበት ጥልቀት ይለካል፤ ወሬውም ወደ መናገሻው ከተማ ይላካል። ይሁን እንጂ ደርቆ የከረመ መሬትና ቀድሞ የራሰ መሬት አንዱን ዝናብ እኩል አይጠጡትም። ቁጥሩ ስለ ሰማዩ ይናገር ስለ አፈሩ የሚለይ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1441 ድርቁ ያሳሰበው የንጉሥ ሴጆንግ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ሙንጆንግ ተብሎ የነገሠው፣ ከመዳብ ዕቃ አሠርቶ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ዝናብ ማጠራቀም ጀመረ። በ1442 የዕቃው ልክ ተወሰነ፤ ቁመቱ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የአፉ ስፋት ከ14 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ። ስሙም «ቹጉጊ» ተባለ። አፉና ወገቡ እኩል በመሆኑ በውስጡ የቆመው ውሃ ከፍታ፣ ዝናቡ ሳይሰርግና ሳይተን ሜዳ ላይ ቢተኛ ኖሮ የሚኖረው ከፍታ ነው። የየአውራጃው ገዥዎች ዝናቡ የጀመረበትንና ያባራበትን ጊዜ፣ ጥልቀቱንም በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንዲመዘግቡ ታዘዙ። ኢጣሊያዊው ቤኔዴቶ ካስቴሊ በፔሩጃ ዝናብን በብርጭቆ ዕቃ የለካው በ1639 ነው።

ዕቃው ወደ አውራጃዎች እንዲላክ ሐሳቡን ያቀረበው የግብር ሚኒስቴሩ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ1444 የወጣው ሕግ የመሬቱን ለምነት በ6፣ የዓመቱን አዝመራ በ9 ደረጃ ከፍሎ ግብር ጣለ። ከዚያ በፊት የገበሬው ዕጣ በየማሳው በሚዞር ገማች ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። (ገማች የሚለው ቃል አሥራት ይከፍል ለነበረው የኢትዮጵያ ገበሬም እንግዳ አይደለም።) የተመዘገበ ዝናብ የገማቹን አንደበት በመጠኑም ቢሆን ይገታል፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ለገበሬው ብቻ ተቆርቁሮ ሳይሆን ጎተራውንም አስልቶ ነው።

በዚያው በ1441 በመናገሻው ከተማ በሐንያንግ፣ በዛሬዋ ሶል፣ የቾንግጌቾን ወንዝ ሙላት የሚነበብበት ባለ ምልክት ምሰሶ ተተከለ። ወንዙ የከተማይቱ ዋና የውሃ መውረጃ ቦይ ነበር። ሕዝቡ እየበዛ፣ በዙሪያው ያሉ ኮረብቶች ደን እየተመነጠረ ሲሄድ ደለሉ ቦዩን ደፈነው፤ ዝናብ በጠነከረ ቁጥርም ጎርፉ በዳርቻው ይኖር የነበረውን ድኻ ይጠርግ ጀመር። በ1760 ንጉሥ ዮንግጆ 200,000 ያህል የሰው ጉልበት አሰልፎ ቦዩን አስጠረገ።

የዝናብ ምዝገባው በ1592 የጃፓን ወረራ ካስከተለው ጥፋት በኋላ ተቋርጦ ኖሮ በ1770 ዮንግጆ እንደገና አቋቋመው። ከዚያ ወዲህ በሶል የተያዘው መዝገብ እስከ 1907 ይደርሳል። ከዕቃዎቹ የተረፈው በ1837 ተሠርቶ በጎንግጁ የቆመው አንድ ብቻ ነው፤ ቁመቱ፣ ስፋቱና ክብደቱ በገላው ላይ ተቀርጿል። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ወደ ጃፓን ተወስዶ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1971 ነው።